የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል በሊኑክስ፦ በአነስተኛ ወጪ፣ ከባዶ ክፍል እስከ መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ

ይህ መመሪያ በሰሜን ሸዋ ለምታስተምሩ የአይሲቲ መምህራን ነው። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነጻ ሥርዓት ነው። አሮጌ ኮምፒውተሮች በእርዳታ ወይም በግዢ ይመጣሉ። ዓመት ሳይሞላ ግማሹ አይነሳም፣ ግማሹ በቫይረስ ተይዟል፣ ክፍሉ ተቆልፏል። ይህ በብዙ ወረዳ የሚታይ ነገር ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መብራቱ ሳይጣራ ማሽን ይሰካል። እያንዳንዱ ማሽን በተለያየ መንገድ ይጫናል። ነገሩን የሚያውቀው አንድ መምህር ብቻ ይሆንና እሱ ሲዛወር ክፍሉ አብሮት ይሄዳል።

ቅደም ተከተሉ ከ10 እስከ 15 ማሽን ላለው ክፍል የተዘጋጀ ነው። ደረጃ አትዝለሉ። ሥራውን ሰኔ መጨረሻ ላይ ጀምሩት። መስከረም ላይ ተማሪ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ መጫን ለስህተት ይዳርጋል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ወስኑ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኤልቲኤስፒ የሚባለው ነው። አንድ ጠንካራ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎቹን የሚያገለግል ኮምፒውተር፣ ይቀመጥና ሌሎቹ ማሽኖች ያለ ዲስክ ከእሱ በኔትወርክ ይነሳሉ። ሁለተኛው እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ዲስክና የራሱ ሊኑክስ ኖሮት ለብቻው እንዲሠራ ማድረግ ነው።

እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ኤልቲኤስፒ ጥሩ ሥራ ነው፣ ለዲስክ አልባ ማሽኖችም ተመራጭ ነው። ግን ሰርቨሩ ወይም ስዊቹ (ማሽኖቹን በገመድ የሚያገናኘው ሣጥን) የተበላሸ ቀን 15ቱም ማሽኖች አብረው ይቆማሉ። ከሞላሌ ወይም ከዓለም ከተማ ሰርቨር ተሸክሞ ጠጋኝ ፍለጋ መሄድ ቀላል አይደለም። ማሽኖቹ ለየብቻ ከሆኑ ግን አንዱ ቢሞት 14ቱ ያስተምራሉ። መመሪያው በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

## ደረጃ 1፦ ክፍሉን አዘጋጁ

ጣሪያው የማያፈስ ክፍል ምረጡ። ይህን በበጋ ማወቅ አይቻልም። ዝናብ ሲጥል ገብታችሁ እዩ።

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ አስለስኑት፣ ካልተቻለ ቢያንስ ኖራ ይቀባ። ከግድግዳ የሚረግፍ አቧራ የማሽኑ ማራገቢያ ውስጥ ገብቶ ይጋገራል። የአፈር ወለል ላይ ሊሾ ሳይደረግ ማሽን አታስገቡ።

ጠረጴዛዎቹን በግድግዳው ዙሪያ አሰልፉ። ስክሪኖቹ ወደ ክፍሉ መሐል ይዩ። እንዲህ ሲሆን መምህሩ መሐል ቆሞ ሁሉንም ያያል፣ ገመዱም ከተማሪ እግር ይርቃል። ገመዶች ከመሬት ከፍ ብለው ይታሰሩ። አይጥ መጀመሪያ የሚያገኘው መሬት ላይ የወደቀውን ነው።

አየሩንም አስቡ። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳና አንኮበር ብርድና ጉም አለ። እዚያ ማሽኑን ማታ በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሸፍኑ፤ እርጥበት ይይዛል። ቀጭን ጨርቅ ይበቃል። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ችግሩ ሙቀትና አቧራ ነው። እዚያ ክፍለ ጊዜውን ከሰዓት በፊት አድርጉት፣ ማሽኑንም ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁት።

## ደረጃ 2፦ መብራቱን አስተካክሉ

ጊዜና ገንዘብ ቢያጥራችሁ ከሌላ ቦታ ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ። ሥራውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። እናንተ ግን ምን እንደምትጠይቁ እወቁ።

2.1 ለክፍሉ ብቻ የሚሆን መስመር አስወጡ። ከዋናው ሳጥን የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ይውጣ። ስሌቱ እንዲህ ነው። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ወደ 120 ዋት ይወስዳል እንበል። 15 ማሽን 1800 ዋት ይሆናል። ለ220 ቮልት ስናካፍለው ከ8 አምፒር ትንሽ ይበልጣል። ለዚህ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦና 16 አምፒር ብሬከር ይበቃል። ከአንድ የግድግዳ ሶኬት ላይ ማከፋፈያ በማከፋፈያ እየቀጠሉ 15 ማሽን መሰካት ግን እሳት መጥራት ነው።

2.2 ኧርዝ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስድ መስመር) ይኑር። የማሽኑን ብረት ስትነኩ ከነዘራችሁ ኧርዝ የለም ወይም ተቋርጧል። ልጆች የሚነኩት ዕቃ ስለሆነ ይህ ሳይስተካከል ማንም ተማሪ አይግባ። የመሬት ዘንጉ እርጥበት የማይለየው ቦታ ይተከል፣ ከተተከለ በኋላም ኤሌክትሪሺያኑ ይለካው።

2.3 ቮልቴጁን በተለያየ ሰዓት ለኩ። ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ለኩ። ሰፈሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ቮልቴጅ ሲወርድ ታያላችሁ። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ንባቡ ከ200 እስከ 240 ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው። በተደጋጋሚ ከዚያ ከወጣ ለመስመሩ ስታብላይዘር (ቮልቴጅ የሚያረጋጋ መሣሪያ) ያስፈልጋል። አቅሙ ከጠቅላላው ዋት ቢያንስ በአንድ ሦስተኛ ይብለጥ። ለ1800 ዋት 2500 ቪኤ ወይም 3000 ቪኤ ውሰዱ።

2.4 ቀዩን ማብሪያ ተመልከቱ። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጡ አንዳንድ ዴስክቶፖች ከኋላቸው፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይፈነዳል። ማሽን ከካርቶን እንደወጣ፣ ገመድ ከመንካታችሁ በፊት፣ አንድ በአንድ እዩ። ወደ 230 አዙሩና በስኮች ሸፍኑት፤ የልጅ ጣት አይቀርበትም።

2.5 ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ መሣሪያ) ለሁሉም አትግዙ። ባትሪው በጥቂት ዓመት ይሞታል፣ ለ15 ማሽን መቀየር ደግሞ የትምህርት ቤቱ በጀት አይችለውም። አንድ ዩፒኤስ ለመምህሩ ማሽንና ለስዊቹ ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይገድለዋል።

2.6 የመብራት መጥፋት ሕግ ለጥፉ። መብራት ሲጠፋ ዋናው ብሬከር ይውረድ። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ብሬከሩን አንሱ፣ ማሽኖቹን ደግሞ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ አብሩ። ብዙ ማሽን የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው።

*ብሬከሩ እየወረደ ካስቸገረ፦* ሁሉንም ንቀሉ። ብሬከሩን አንሱና አንድ በአንድ ሰኩ። ሲሰካ ያወረደው ማሽን ወይም ገመድ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሁሉም ተነቅሎም ከወረደ ችግሩ ሽቦው ላይ ስለሆነ ኤሌክትሪሺያኑን ጥሩ።

መብራት ለሌለው ትምህርት ቤት። ዴስክቶፕ እርሱትና ላፕቶፕ ሰብስቡ። 10 ላፕቶፕ በ25 ዋት በቀን 3 ሰዓት ቢሠራ 750 ዋት ሰዓት ነው። ብክነቱን ጨምሩና 1000 ያዙ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል። ባትሪውን የሚሞላው የፀሐይ ፓኔል ከ300 ዋት አይነስ። ክረምት ላይ ጉም ስለሚከርም ሰዓቱን ቀንሱ።

## ደረጃ 3፦ ማሽን ምረጡ፣ መርምሩ፣ አጓጉዙ

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ብዙ መሥሪያ ቤት ወደ ዊንዶውስ 11 የማይወጡ ማሽኖችን እያስወገደ ነው። ለእኛ እነዚህ ማሽኖች ከበቂ በላይ ናቸው።

ዝቅተኛው መስፈርት ይህ ነው፦

- ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር፤ ኮር አይ3 ሁለተኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ
- 4 ጊጋባይት ራም፤ 8 ከተገኘ እሰየው
- 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ)

ገንዘብ ካለ ራም ከመጨመር በፊት ኤስኤስዲ ቀይሩ። አሮጌ ማሽን በኤስኤስዲ ሌላ ማሽን ይሆናል፤ መንገድ ላይም እንደ ሃርድ ዲስክ በንቅናቄ አይጎዳም።

ሁሉም ማሽኖች አንድ ዓይነት ሞዴል ይሁኑ። ዴል ከሆነ ሁሉም ዴል፣ ኤችፒ ከሆነ ሁሉም ኤችፒ። አምስት ዓይነት ሞዴል ያለው ክፍል መለዋወጫ የለውም። አንድ ዓይነት ከሆነ ግን የሞተው ማሽን ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሆናል። ጥሩ ስምንት አንድ ዓይነት ማሽን ከ15 ድብልቅ ይሻላል። ለጋሽ ያገኘውን ሁሉ ሊሰጣችሁ ሲል ይህን በትህትና አስረዱት።

32 ቢት ብቻ የሆኑ፣ 1 ጊጋባይት ራም ያላቸው ማሽኖችን አትቀበሉ። ዴቢያን 13 (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ለ32 ቢት ማሽን መጫኛ ማዘጋጀት አቁሟል፣ ሌሎቹም አብዛኞቹ ቀድመው ተሰናብተውታል። በነጻ ቢመጡም የሚበሉት ቦታና መብራት ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ፈትኑ። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ የሊኑክስ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ አዘገጃጀቱ ደረጃ 4 ላይ አለ። ከፍላሹ አስነሱ። «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱና የዲስኩን የጤና መረጃ እዩ። የተበላሸ ቦታ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ አትውሰዱ። ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ይብራ። ድምፅ ካወጣ፣ ከጋለ ወይም ራሱን ካጠፋ ተዉት።

አብራችሁ ግዙ፦ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ሲአር2032 ባትሪ (የማሽኑን ቀንና ሰዓት የሚይዘው ክብ ባትሪ)፣ ትርፍ ማውስና ኪቦርድ፣ ትርፍ የፓወር ገመድ፣ አንድ ትርፍ ፓወር ሰፕላይ፣ ተርማል ፔስት (ሙቀት እንዲወጣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባ) እና ብሎወር (አየር መንፊያ)።

ጉዞ። ስክሪን አይተኛም፣ ቁሞ ይሂድ። በመሐሉ ብርድ ልብስ ወይም ስፖንጅ ይግባበት። አውቶብስ ጣሪያ ላይ አትጫኑ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፤ ችግር የሚመጣው ከዋናው መንገድ ወጥቶ ፒስታው ሲጀምር ነው። እንደደረሳችሁ ሽፋኑን ክፈቱ፣ ራሙንና የውስጥ ገመዱን በእጃችሁ ተጭናችሁ አጥብቁ። ከብርድ የመጣ ማሽን ወዲያው አይብራ፤ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ።

## ደረጃ 4፦ የመጫኛ ፍላሽ አዘጋጁ

ሊኑክስ ሚንት 22፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ዓይነት ውሰዱ። መልኩ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ አይከብድም፣ ለአሮጌ ማሽንም ይቀላል፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድጋፍ አለው። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ ደህና ኢንተርኔት ካለበት አውርዱ።

1. 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ፍላሽ ያዙ። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።
2. ባሌና ኤቸር በሚባለው ፕሮግራም ጻፉበት። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ብቻ አይሠራም።
3. ኤቸር ጽፎ ሲጨርስ ራሱ ያረጋግጣል። ማረጋገጫውን አታቋርጡት።
4. ሁለት ፍላሽ አዘጋጁ። አንዱ ኮምፒውተር ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ ለማንም አይውጣ።
5. ሦስተኛ ፍላሽ ላይ ክሎንዚላ (ሙሉ ዲስክ የሚገለብጥ ፕሮግራም) ጻፉ። ለደረጃ 6 ያስፈልጋል።

*ከፍላሽ አልነሳ ካለ፦* ማሽኑ እንደበራ የቡት ቁልፉን ደጋግማችሁ ንኩ። ዴልና ሌኖቮ ኤፍ12፣ ኤችፒ ኤፍ9 ነው። ፍላሹ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ከኋላ ባለው ሌላ ዩኤስቢ ሰኩት። አሁንም ካልመጣ ባዮስ (ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ «ሴኪዩር ቡት»ን አጥፉ።

*ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፦* ከመጀመሪያው ዝርዝር «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ምረጡ።

*ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ብሎ ምንም ካላሳየ፦* ራሙን አውጡ፣ የወርቅ ቀለም ያለውን ጠርዝ በላጲስ ፈግፍጉ፣ ፍርፋሪውን ጥረጉና መልሱ። ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃዋል።

## ደረጃ 5፦ እናት ማሽኑን ሥሩ

15 ማሽን ላይ 15 ጊዜ አትጫኑ። አንዱን ማሽን በደንብ አዘጋጅታችሁ ሌሎቹን ከእሱ ታባዛላችሁ። እናት ማሽን የምለው እሱን ነው። እናት ማሽን የምታደርጉት *ትንሹ ዲስክ ያለውን* ነው። ክሎንዚላ ከትልቅ ዲስክ ወደ ትንሽ አይገለብጥም። ይህን ሳያውቁ ሙሉ ቀን ሠርተው እንደገና የሚጀምሩ ብዙ ናቸው።

1. ባዮስ ውስጥ ግቡ። ቀንና ሰዓቱን አስተካክሉ። «መብራት ሲመለስ» የሚለውን ምርጫ «ጠፍቶ ይቆይ» ላይ አድርጉት። የባዮስ ፓስወርድ ስጡና ወረቀት ላይ ጻፉት። ይህንኑ በሁሉም ማሽን ላይ ድገሙ። ባዮሱ ሁለት የማስነሻ ዘዴ አለው፤ ሁሉም በዩኢኤፍአይ ወይም ሁሉም በሌጋሲ ይነሱ፤ ከተቀላቀሉ የተባዛው አይነሳም።
2. ሚንትን ጫኑ። «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን ምረጡ። ማሽኑ ላይ የቀድሞ መሥሪያ ቤት ፋይል ካለ አብሮ ይጠፋል፤ መጥፋትም አለበት።
3. የመጀመሪያው አካውንት «መምህር» ይሁን። ፓስወርዱን ሁለት መምህራንና ርዕሰ መምህሩ ይወቁት።
4. ሁለተኛ አካውንት «ተማሪ» ክፈቱ። ዓይነቱ መደበኛ እንጂ አስተዳዳሪ አይሁን። ማሽኑ ሲበራ በቀጥታ ወደዚህ ይግባ።
5. አፕዴት አንድ ጊዜ ሙሉ አድርጉና ከዚያ አውቶማቲክ ፍለጋውን አጥፉ። አለዚያ 15 ማሽን በአንድ ስልክ ሆትስፖት ላይ ይዘምትበታል፣ የመምህሩ ካርድ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል።
6. ፕሮግራሞችን ከሶፍትዌር ማናጀር ጫኑ። ለታች ክፍል ጂኮምፕሪና ተክስ ፔይንት፣ ለትየባ ተክስ ታይፒንግ፣ ለፕሮግራሚንግ ስክራች፣ ለሒሳብ ጂኦጀብራ። ሊብሬኦፊስ አብሮ ይመጣል። እዚህ ላይ ይቁም። ሠላሳ ፕሮግራም መጫን ተማሪውን ያባክነዋል።
7. ቬዮንን ጫኑ። መምህሩ ከራሱ ማሽን የሁሉንም ስክሪን እንዲያይና እንዲቆልፍ ያደርጋል። ማሽኖቹ የሚተዋወቁበት ሁለት የቁልፍ ፋይል ይፈጥራል። የሕዝብ ቁልፉ እናት ማሽኑ ላይ ይቅር፤ የግል ቁልፉ የመምህሩ ማሽን ላይ ብቻ ይቀመጥ።

አማርኛ ትየባ

ይህን ብዙዎች ይተዉታል። አትተዉት። ልጁ ስሙን በራሱ ፊደል ስክሪን ላይ ሲጽፍ ነው ማሽኑ የእሱ የሚሆነው።

1. ከሶፍትዌር ማናጀር አይባስን (የትየባ ቋንቋ መቀያየሪያ) እና አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ተጨማሪ ጫኑ።
2. «ኢንፑት ሜተድ» ውስጥ አይባስን ምረጡ። ወጥታችሁ በ«ተማሪ» አካውንት ግቡና ምርጫውን እዚያም ድገሙት። ቅንብሩ ለየአካውንቱ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት በመምህሩ አካውንት ብቻ አድርገው ሲተዉት ነው።
3. የአይባስ ምርጫዎችን ክፈቱ፣ አማርኛን ፈልጉ፣ ሴራ የሚለውን ጨምሩ።
4. የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስ ስትነኩ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይዞራል።

ሴራ በድምፅ ነው የሚሠራው። የኤስና የኢ ቁልፍ ተከታትለው ሲነኩ ሰ ይሆናል፣ የኤልና የኤ ቁልፍ ላ፣ የኤም ቁልፍ ብቻውን ም። ተማሪዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ ይለምዱታል። ፊደሉ በአራት ማዕዘን ሳጥን ከታየ ፎንት የለም ማለት ነው፤ አቢሲኒካ ወይም የኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት ጫኑ።

የማሽኑ ማውጫ ግን እንግሊዝኛ ሆኖ ቢቆይ እመርጣለሁ። በላይኛው ክፍል የአይሲቲ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጁ ያነበበውን ቃል ስክሪኑ ላይ ያገኘዋል።

ሁሉም ሲያልቅ እናት ማሽኑን በተማሪ አካውንት ለሁለት ሦስት ቀን ተጠቀሙበት። እዚህ ላይ ያመለጠ ስህተት በ15 ይባዛል።

## ደረጃ 6፦ አባዙ

የሚያስፈልገው ክሎንዚላ ያለበት ፍላሽና አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው።

1. እናት ማሽኑን ከክሎንዚላ አስነሱ። ኤክስተርናሉን ሲጠይቃችሁ ብቻ ሰኩ።
2. «ዲቫይስ ኢሜጅ»፣ ቀጥሎ ኤክስተርናሉን፣ ቀጥሎ «ሴቭ ዲስክ» ምረጡ። ኮፒው በተሠራበት ቀን ስም ይሰየም።
3. ሌላውን ማሽን በዚያው ፍላሽ አስነሱና አሁን «ሪስቶር ዲስክ» ምረጡ።
4. ቁሙ። ክሎንዚላ የትኛው ዲስክ ላይ ልጻፍ ብሎ ይጠይቃል። የዲስኩን መጠን አንብቡ። ኤክስተርናሉን በስህተት ከመረጣችሁ የሠራችሁት ሁሉ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ ማረጋገጫ ይጠይቃችኋል፤ ሁለቱንም ጊዜ አንብባችሁ መልሱ።
5. ማሽኑ ሲነሳ ስሙን ቀይሩ። ተማሪ 01፣ ተማሪ 02 እያላችሁ ሂዱ። ቁጥሩን በወፍራም ማርከር ሣጥኑ ላይም ጻፉ።

የኮፒው ሁለተኛ ቅጂ ከክፍሉ ውጭ፣ ለምሳሌ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ይቀመጥ። ከዚህ በኋላ ተማሪ ምንም ቢያበላሽ ማሽኑን ወደ መጀመሪያው መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ይህን ስታውቁ ልጆቹን «አትንኩ» ማለት ታቆማላችሁ።

## ደረጃ 7፦ ኔትወርክ

16 ወይም 24 ቀዳዳ ያለው ስዊች፣ ካት5ኢ የሚባል የኔትወርክ ገመድና ማያያዣ ያስፈልጋል። የሽቦው ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። እያንዳንዱን ገመድ በቴስተር ፈትኑ። ከመብራት ሽቦ ጋር አብራችሁ አትዘርጉት።

አድራሻ በእጅ ስጡ። የመምህሩ ማሽን 192.168.10.1፣ ተማሪ 01 ደግሞ 192.168.10.11 ይሁን፣ እንዲያ እያለ ይቀጥል። ማስኩ ለሁሉም 255.255.255.0 ነው። አንዱ አልገናኝ ካለ መጀመሪያ ስዊቹ ላይ ያለችውን መብራት እዩ። ካልበራች ገመዱ ነው። ከበራች የሁለት ማሽን አድራሻ አንድ ሆኖ እንዳይሆን ፈትሹ።

## ደረጃ 8፦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት

የመምህሩ ማሽን ላይ ትልቅ ዲስክ አድርጉና ይህን ጫኑበት፦

- ኪዊክስ። ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያሳያል። የአማርኛው ፋይል ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይወርዳል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ እሱን ተዉትና በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን ውሰዱ። ለልጆች የሚገባውም እሱ ነው።
- ኮሊብሪ። የካን አካዳሚን ቪዲዮና መልመጃ ይይዛል። ሁሉንም አታውርዱ። በዚህ ሴሚስተር የምታስተምሩትን ምዕራፍ ብቻ ምረጡ።
- የመማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ። በየክፍል ደረጃው በፎልደር ለዩና በኔትወርክ አጋሩ፤ ተማሪ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድለት።

ከዚያ በየማሽኑ ብሮውዘር የመጀመሪያ ገጹን የመምህሩ ማሽን አድራሻ አድርጉት።

*ትልቁ ፋይል ፍላሽ ላይ አልገለበጥ ካለ፦* ፍላሹ ፋት32 ነው። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርጉትና ድገሙ።

## ደረጃ 9፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ተማሪ ከመግባቱ በፊት ሌላ አንድ መምህርና ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ተማሪዎች አሠልጥኑ። ከእነሱ ውስጥ ሴቶች በእኩል ቁጥር ይኑሩ። ራም ማጽዳት፣ ማውስ መቀየር፣ ከክሎንዚላ መመለስ በእጃቸው ይሥሩት፤ እናንተ ዳር ቁሙ። እናንተ ብትዛወሩ ክፍሉን የሚያቆዩት እነሱ ናቸው።

አንድ ማሽን ላይ ሁለት ተማሪ ይቀመጥ። በየ10 ደቂቃው ማውሱን ይቀያየሩ፤ አስታውሳችሁ ካላስቀየራችሁ አንዱ ብቻ ይነካል።

አንድ መዝገብ ክፈቱ። የማሽን ቁጥር፣ ቀን፣ ምን ሆነ፣ ምን ተደረገ። ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሁን። የክፍሉ የመክፈቻ ፕሮግራም በር ላይ ይለጠፍ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለውንም ይጨምር።

## ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚመጡ ብልሽቶች

ቀኑ ወደ ኋላ ሄዶ ኢንተርኔት አልከፍት አለ። ብሮውዘሩ የደህንነት ስህተት ያሳያል። ሲአር2032 ባትሪው ሞቷል። ቀይሩት፣ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ቀኑንና የደረጃ 5ን ቅንብር መልሱ። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ በእኛ አቆጣጠር ከሞላችሁት ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድና ያው ስህተት ይመለሳል።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። የፋይል ሥርዓቱ ተጎድቷል። ከሚንት ፍላሽ አስነሱ፣ «ዲስክስ»ን ክፈቱ፣ ሊኑክስ ያለበትን ክፍል ምረጡ፣ ከማርሽ ምልክቷ ስር ያለውን የጥገና ትእዛዝ ስጡ። ካልሆነ ከክሎንዚላ መልሱ። በአንድ ማሽን ላይ ከተደጋገመ ዲስኩ እየሞተ ነው።

ማሽኑ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል። ውጭ አውጥታችሁ በብሎወር ንፉት። ስትነፉ ማራገቢያውን በጣት ያዙት፣ አይሽከርከር። ካልበቃ የፕሮሰሰሩን ተርማል ፔስት ቀይሩ።

የተማሪ ፍላሽ ቫይረስ አለው። የዊንዶውስ ቫይረስ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ግን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ተላልፎ ወደ ቢሮ ማሽን ሊሄድ ይችላል። የማታውቁትን ፋይል ከተማሪ ፍላሽ ወደ ጋራ ፎልደሩ አትገልብጡ።

## ትምህርት ሲዘጋ

ሰኔ ላይ፣ ተማሪ እንደወጣ፣ እያንዳንዱን ማሽን ከፍታችሁ ንፉ። ከዚያ የመብራቱንም የኔትወርኩንም ገመድ ከሶኬት ንቀሉ። ብሬከር ማውረድ ብቻ አይበቃም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወርደው መብረቅ በተሰካ ገመድ ይገባል። ማሽኖቹን መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ በጨርቅ ሸፍኑ። በ15 ቀን አንድ ጊዜ ጥበቃው ክፍሉን ይክፈትና ጣሪያው እንዳያፈስ፣ አይጥ እንዳይገባ ይይ። የዩፒኤሱን ባትሪ በወር አንድ ጊዜ ሞልታችሁ መልሳችሁ ንቀሉት፤ ባዶውን ከከረመ መስከረም ላይ አይነሳም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እናት ማሽኑን አውጡ፣ አፕዴት አድርጉ፣ ለአዲሱ ዓመት የሚያስፈልገውን ጨምሩ፣ አዲስ ኮፒ ያዙና 15ቱንም ከእሱ መልሱ። የአምናውን ኮፒ አዲሱ በሁሉም ማሽን ላይ መሥራቱ እስኪረጋገጥ አታጥፉት።